የአለቃ ገሜዳ ሙሽሪት

ባጫ ከሽኩር የብረት ክምር ፊት ተንበርክኮ ሲያገላብጥ ቆይቶ እጁ ድንገት ቀጥ አለ። ከተሰበረ ማጭድ፣ ከተጣመመ ልጓምና ግማሽ ጎኑ ከተቃጠለ ሚዛን ሥር ጥቀርሻ የጠጣች ትንሽ የእንጨት መላጊያ ተጋድማለች። ስለቷ ዝጎ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቋል። ሌላ ሰው ቢሆን ለማገዶ እንኳ አይመኛትም። ባጫ ግን አውራ ጣቱን ከጎኗ ላይ አሳረፈው፤ ጣቱም የገዛ አልጋው ላይ እንደሚወጣ ሰው ሰተት ብሎ ገባ። እዚያ ቦታ ላይ እንጨቱ ጎድጉዷል። መሮ አልፈለፈለውም። የሰው አውራ ጣት ነው፣ ዕድሜ ልኩን አንድ ቦታ እያረፈ፣ ጠብታ ውሃ ድንጋይ እንደሚበላው የበላው።

የባጫ ልብ እንዴት እንደመታ አይነገርም፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ የቆመ የጣሊያን ዘበኛ ሰምቶ መድፍ ተተኮሰ ሳይል አልቀረም።

ግን ባጫ የገበያ ሰው ነው። መላጊያዋን በጉልበቱ ጋርዶ የተሰበረውን ማጭድ አነሳ።

«ይሄ ማጭድ በምን ይሄዳል?»

ሽኩር ከክምሩ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ጥርሱን ይፍቃል። የአሮጌ ብረት ንግድ ከጀመረ ወዲህ ከባጫ የተሻለ ደንበኛም፣ ከባጫ የባሰ ተከራካሪም አላየም። «ማጭድ ምን ያደርግልሃል? ሣር የለህ፣ ከብት የለህ» አለው።

«ዋጋነሽ ጎመን ትቆርጥበታለች።»

«ዋጋነሽ ዛሬም ብረት ይዘህ ከገባህ የምትቆርጠው አንተን ነው። ትናንት እዚሁ ቆማ ነግራኛለች።» መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «ይልቅ በጉልበትህ የደበቅከውን አውጣና እንነጋገር።»

ተነጋገሩ። ንግግሩ በፈጀው ጊዜ አንድ እግረ ፈጣን ሰው አዲስ ዓለም ደርሶ በተመለሰ ነበር። መጨረሻ ላይ ባጫ ለሽኩር ቤት በር የወይራ መቀርቀሪያ ሊሠራ፣ ሽኩርም መላጊያዋን ሊለቅለት ተስማሙ።

«መቼም ይቺም የአለቃ ገሜዳ ናት ልትለኝ ነው» አለ ሽኩር፣ አመዷን እፍ ብሎ እያቀበለው።

ባጫ አፉን ከፈተ። ከዚህ ክምር ላይ መጋዝ ሲያነሳ «የአለቃ ነው»፣ መሮ ሲያነሳ «የአለቃ ነው»፣ ጥርሱ ያለቀ ሞረድ ሲያነሳ እንኳ «ይሄንማ አለቃ ትራሳቸው ሥር አድርገው ነው የሚተኙት» ሲል የከረመ ሰው፣ ዛሬ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ተሰካበት። ውሸት አፍ ላይ ይቀልላል፤ እውነት ለካ ይከብዳል።

«ምነው ዝም አልክ፣ አሞሃል እንዴ?» አለ ሽኩር። «ለማንኛውም አንዲት ሴት ስትጠይቅ ነበር። ከሆለታ በኩል የመጣች። የአለቃ ገሜዳ መሣሪያ ማን ዘንድ ነው አለችኝ፤ ባጫ ዘንድ ነው፣ አንድ ሳያስቀር ሰብስቦታል አልኳት። ክፉ ተናገርኩ?»

ባጫ መላጊያዋን ከጋቢው ሥር ሸጉጦ ቁልቁል ወደ ኮልፌ ወረደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አለቃ ገሜዳ ጣሊያን ሳይገባ አራዳ ቁልቁለቱ ላይ የአናጢ ቤት ነበራቸው፤ ባጫም ከጎረምሳነቱ እስከ ሽበቱ የሠራው እሳቸው ዘንድ ነው። በዚያ ዘመን በከተማው ውስጥ አለቃ ያልሠሩት በር በር አይባልም ነበር፤ ቀዳዳ ነው። የእሳቸው በር ሲከፈት ድምፅ አያሰማም። ሌባ እንኳ በእሳቸው በር ሲገባ አፍሮ እግሩን ይጠርጋል ይባላል። ይሄ ትንሽ ተጋኗል የሚል ቢኖር፣ ግድግዳው ግን ምንም አልተጋነነም። በአለቃ ግድግዳ ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ችካልና የራሱ ስም ነበረው። ትልቁ መጥረቢያ ፊታውራሪ ይባላል፤ ግንድ ላይ ቀድሞ የሚዘምተው እሱ ነውና። ረጅሙ መጋዝ አዝማሪ ነው፤ ሳይዘፍን አይሠራም። ወፍራሙ መሮ አፈ ንጉሥ ነው፤ እሱ የቆረጠውን ማንም አይመልሰውም።

ትንሿ መላጊያ ደግሞ ሙሽሪት ናት። ሙሽሪት የምትወጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ በሩ ተገጥሞ፣ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ወደ ችካሉ ከተመለሰ በኋላ። አለቃ መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ። ከዚያ ያወርዷታል፤ ቤቱም ጸጥ ይላል። በሩን ከላይ እስከ ታች አንዴ ሲያስኬዷት ከእንጨቱ ላይ እንደ ሐር ክር የቀጠነ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ያኔ ሰጋቱራ የሚል የጣሊያን ቃል ገና ከተማችን አልገባም ነበር፤ የአለቃ ትንሽ ልጅ ያንን ፍቅፋቂ ከመሬት ላይ ትለቅምና ጆሮዎቿ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ወርቅ ያደረገች ይመስላታል። ለባጫ የዚያ ዘመን ሽታ የትኩስ ጽድ ሽታ ነው፤ ዘመኑ ያለፈ ቢሆንም ሽታው አፍንጫው ውስጥ ቀርቷል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አለቃ የመድፍ ጋሪ ሊጠግኑ ከዘማቹ ጋር ወደ ሰሜን ሄዱ፤ ከማይጨውም አልተመለሱም። ንጉሡ በወጡ ሰሞን ከተማው ሲዘረፍና ሲቃጠል የአናጢው ቤት አብሮ ነደደ። ከአመድ የተረፈውን ብረት ያነሳው አነሳው።

በኋላ ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ሲያመጣው አሮጌ ብረት ሻጮቹም ተከትለው መጡ፤ ለባጫ ገበያው ደጁ ድረስ የመጣለት ያህል ነበር። መጀመሪያ እጀታ የሌለው መጋዝ ይዞ ገባ። ዋጋነሽ የቤቱ ክዳን እያፈሰሰ የተቃጠለ ብረት የሚሸምት ባል ከየት እንደመጣባት ስትጠይቀው፣ ባጫ ሳያስበው «ይሄ እኮ የአለቃ ገሜዳ አዝማሪ ነው» አለ። አልነበረም። ዋጋነሽ ግን የአለቃን እንጀራ የበላች ናትና ዝም አለች። ባጫ ደግሞ አንዴ የቀናውን መንገድ የሚለቅ ሰው አይደለም። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የገባ ብረት ሁሉ የአለቃ ሆነ። ወሬው ከኮልፌ ተነስቶ ከጨው ነጋዴ ጋር በአህያ፣ ከእንጨት ሻጭ ጋር በእግር ሆለታ ደረሰ፤ ሩቅ አገር ያሉ ዝንጀሮዎች ሳይቀሩ የአለቃን መሣሪያ ባጫ እንደሰበሰበ ሳይሰሙ አልቀሩም።

ውሸቱ ውሸት ይሁን እንጂ ልፋቱ እውነት ነበር። ባጫ እጀታ የሚሆን ወይራ እበት ውስጥ ቀብሮ ክረምት ያሳልፈዋል፤ እንዲህ ያልተደረገለት እጀታ ፀሐይ ሲያይ ይሰነጠቃል። ዝገቱን በሎሚና በአመድ ያሻል፤ ብረቱን በኑግ ዘይት ያጠጣል፤ ስለቱን የክንዱ ጸጉር እስኪላጭ ድረስ ድንጋይ ላይ ያመላልሰዋል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። ችካሎቹን የተከለው በአለቃ ግድግዳ ሥርዓት ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያስታውሰዋል። አንዱንም መሣሪያ ግን ሠርቶበት አያውቅም። ለኮልፌ ገበሬ ሞፈርና ቀንበር የሚሠራው በገዛ አሮጌ መጥረቢያው ነው። ግድግዳው ቀኑ ሲመለስ፣ አራዳ ላይ ቤቱ ሲከፈት ነው የሚወርደው።

ባጫ ቤቱ ደርሶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። የመላጊያዋን ሽብልቅ በዘይት አራሰ፤ ጠበቀ፤ በእንጨት መዶሻ ከኋላዋ ቀስ አድርጎ ኮረኮማት። ስለቱ አልወጣም። እንደገና አራሳት፣ እንደገና ኮረኮማት። በሦስተኛው ስለቱ እንደ ወላድ ጩኸት ድምፅ አሰምቶ ተላቀቀ። ባጫ በአመድ ሲያሸው ከዝገቱ ሥር የብረቱ ፊት ነጣ፤ የእንጨቱን ጎድጓዳ ግን አልፋቀውም። ዘይት በነካ ጨርቅ ብቻ እንደ ሕፃን ግንባር ዳበሰው።

«ሌላ ደግሞ አመጣህ» አለች ዋጋነሽ፣ ከጓዳ ብቅ ብላ።

«ይቺ ትንሽ ናት።»

«ትላልቆቹም ሲመጡ ትንሽ ነበሩ። ራሴ ላይ መጋዝ ተሰቅሎ እተኛለሁ። አንድ ሌሊት ችካሉ ቢለቅ፣ ጣሊያን ያልገደለኝን አንተ ትገድለኛለህ። ቢያንስ ሥራበት።»

«ቀኑ ሲመለስ እሠራበታለሁ።»

«ቀኑ መንገድ ጠፍቶበት ይሆናል» አለችና ገባች።

ባጫ ሙሽሪት መሆኗን ሊነግራት ፈልጎ ነበር። ግን ምን ይላል? «ይቺኛዋ እውነተኛዋ ናት» ካለ፣ የቀሩት ምን ሊሆኑ ነው?

በዚህ መሐል የአጥሩ በር ላይ አንዲት ሴት ቆመች። ነጠላዋ የሆለታን መንገድ አቧራ በሙሉ ጠራርጎ ያመጣ ይመስላል።

«ጋሽ ባጫ እርስዎ ነዎት?»

ድምጿን አላወቀውም። ዓይኗ ግን የአለቃ ዓይን ነበር። «ጉዲቱ» አለ፣ መላጊያዋን ሳያስበው ከኋላው እያኖረ። «ጆሮዋ ላይ ፍቅፋቂ የምታንጠለጥለው ጉዲቱ?»

ጉዲቱ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፈገግታው ጠፋ። በተከፈተው በር ውስጥ ግድግዳውን አይታለች። ዋጋነሽ የእግር ውሃ ልታመጣ ስትንደረደር እሷ አልፋ ገባች። መሣሪያዎቹ ፊት ቆማ፣ ሰው አዛውንት ፊት እንደሚያደርገው፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ግማሾቹ የማን እንደነበሩ ሽኩርም አያውቅም። አንዱ መጋዝ እንዲያውም የቄራ አጥንት መቁረጫ ሳይሆን አይቀርም።

ዋጋነሽ አስቀመጠቻት፤ እህል ውሃ አቀረበችላት። ጉዲቱ ኑሮዋን ነገረቻቸው። ሆለታ ነው ያገባችው። ባሏ ደሜ አናጢ ነው፤ መሣሪያው በጦርነቱ ስለጠፋ ለጣሊያን ካምፕ ድንጋይ ይሸከማል። ነገ ጠዋት አህያ ተከራይታ የአባቷን ዕቃ ልትወስድ መምጣቷን ስትናገር፣ ባጫ ሊጎርስ ያነሳውን መልሶ አስቀመጠ።

«መውሰድማ እንዴት ይሆናል?» አለ። «እኔ ከገበያ የገዛሁት ብረት ነው። እጀታው የኔ ነው፣ ላቡ የኔ ነው።»

«እጀታውን ያውልቁና ያስቀሩት። ብረቱ ግን የአባቴ ነው። እርስዎ ነዎት ያሉት፤ እኔ አላልኩም።»

«ሰው መቼም ብዙ ነገር ይላል።»

ጉዲቱ ተነሳች። አልጮኸችም፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «በሕግ አምላክ» አለች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ከባጫ ጋቢ ጫፍ ጋር ቋጠረችው።

ይሄ ከተባለና ከተቋጠረ በኋላ ዳኛ እስኪፈታቸው ድረስ ከሳሽና ተከሳሽ አይለያዩም። ጣሊያን የራሱን ፍርድ ቤት፣ የራሱን አስተርጓሚ አምጥቷል፤ ኮልፌ ግን ወሬው እንዳልደረሰው ሆኖ በአባቶቹ ሥርዓት ይዳኛል። መንገድ ላይ የሚመጣ የመጀመሪያው ጨዋ ሰው ዳኛ ነው። ቢቸኩልም፣ ቢደክመውም እምቢ አይልም። ሁለቱ ተቋጥረው ወደ ሆለታ መንገድ ወጡ፤ ዋጋነሽ ከኋላ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ከዋጋነሽ ኋላ። የተከተለው ሰው ብዛት የጥምቀት ታቦት ያጀበ ይመስል ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋ ሰው ሐጂ ረሻድ ሆኑ። ቅመም ሸጠው ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው በበቅሎ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በሕግ አምላክ ሲባሉ ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ በቅሏቸው ጆሮ አዩ፣ ከዚያ ወረዱ። መንገድ ዳር ካለ ዝግባ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሁለቱንም ቃል ሰሙ። ገበያው ተበትኖ ስለነበር ሽኩርም ደረሰ፤ ለባጫ ዋስ እንዲሆን ተጠርቶ ምስክርም ሆነ።

ባጫ በክርክር ሥርዓት አድጓል። አንድ እግሩን አስቀድሞ፣ ጋቢው የተቋጠረ ቢሆንም በቀረው ጫፍ አደግድጎ፣ «ዕቃው የኔ ለመሆኑ በበቅሎ እወራረዳለሁ» አለ።

«በቅሎህ የታለች?» አሉ ሐጂ።

«እኔ ነኛ» አለች ዋጋነሽ ከኋላ።

ሳቁ ገፈርሳ ድረስ ተሰማ። ሐጂ ረሻድም ጃንጥላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁና ውርርዱን ወደ አንድ ቅል ማር አወረዱት። ከዚያ ሽኩርን ጠየቁ። ሽኩር የወዳጁን ዓይን ሸሽቶ እውነቱን ተናገረ፦ ባጫ ከእሱ ዘንድ የገዛውን ሁሉ የአለቃ ነው እንዳለ፣ ሲጠራጠር ደግሞ እንደማለለት።

«እንግዲህ ስማ» አሉ ሐጂ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ተመልሶ አይያዝም። ዕቃው የአለቃ ከሆነ ለልጃቸው ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። አይደለም የምትል ከሆነ ደግሞ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ስዋሽ ኖሬአለሁ በልና ዕቃህን ይዘህ ግባ። የትኛውን ትላለህ?»

ባጫ ዙሪያውን አየ። ኮልፌ በሙሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ግድግዳው ዓይኑ ላይ መጣ፤ ክረምቱ፣ እበቱ፣ ሎሚው፣ ቀን ሲመለስ የሚከፈተው ቤት። ዋሽቻለሁ ቢል ምን ይሆናል? ሰው አንድ ሳምንት ይስቅበታል። ባጫ ከዚህ የባሰ ሳቅ ችሏል። «እንግዲህ እውነቱን ለመናገር…» ብሎ ጀመረ።

በዚህ ጊዜ ካሚዮን ከጠመዝማዛው ብቅ አለ። ወታደር የጫነ ነው። ሰው ተሰብስቦ መታየት ክፉ በሆነበት ዘመን ችሎቱ ባንድ አፍታ ገበያ ሆነ። ሐጂ ረሻድ የበቅሏቸውን ከንፈር ገለበጡ፤ ሽኩር ገዢ ሆኖ ጥርሷን መቁጠር ጀመረ፤ ዋጋነሽ በዋጋው ተቆጣች። የተቋጠሩት ሁለቱ ግን የሚሆኑት አጡ። ዝግባው ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ እንደ አባትና ልጅ።

ካሚዮኑ አቧራውን እየጎተተ ሲያልፍ ጉዲቱ በዝግታ ተናገረች።

«አባቴ መቃብር የለውም፣ ጋሽ ባጫ። ሙት ዓመቱን ያወጣሁት ባዶ ሜዳ ላይ ነው። ስሙንም ማንም አያነሳው ነበር። ባለፈው ወር አንድ ጨው ነጋዴ ሆለታ መጥቶ የአለቃ ገሜዳ ግድግዳ ኮልፌ ቆሟል አለ። ሰው ሁሉ ስለ አባቴ አወራ፤ በሩን፣ ሙያውን። እኔም ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ለካ መቃብር አለው አልኩ።»

ባጫ እግሩ ሥር ያለውን ሣር ይነጭ ነበር። እጁ ቆመ።

«አባቴ ስለ እርስዎ ምን ይል እንደነበር ያውቃሉ?» አለች። «እጁ ወርቅ፣ አፉ ጥሩምባ።»

ካሚዮኑ ጠፋ። ሐጂ ረሻድ ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ። «ምን ልትል ነበር?» አሉት።

ባጫ ተነሳና ጉሮሮውን ጠረገ። በሕይወቱ ብዙ ዋሽቷል፤ ግን እንደዚያች ሰዓት አምሮበት የዋሸበት ቀን የለም። «እውነቱን ለመናገር» አለ፣ «አንዱም ሳይቀር የአለቃ ነው። ይሄን የሚጠራጠር ካለ ይምጣና ከነስማቸው ልጥራለት።»

ዳኛው ዕቃው ባለበት ይታይ ብለው ሰው ሁሉ ተከትሎ ወደ ባጫ ቤት ገባ። ጉዲቱ ከልጅነቷ የምታስታውሰውን ስም ትጠራለች፣ ባጫ ያወርዳል። ፊታውራሪ ስትል የማን እንደሆነ የማይታወቅ መጥረቢያ አወረደላትና አለቃ በእሱ ዋንዛ ከነሥሩ የጣሉበትን ቀን ተረከ። አዝማሪ ስትል የቄራውን መጋዝ አወረደና በጥፍሩ አዘፈነው። አፈ ንጉሥ ስትል ደግሞ መሮውን በሁለት እጁ አቀረበላት። በእያንዳንዱ ላይ ስለ አለቃ አንድ ታሪክ ተናገረ፤ ታሪኮቹ እውነት ነበሩ፣ ብረቶቹ ብቻ ናቸው የሌላ ሰው። ሽኩር የገዛ ብረቱን እያየ እንባውን ጠረገ፤ እሱም አምኖ ነበር።

«ሙሽሪትስ?» አለች ጉዲቱ በመጨረሻ።

ባጫ ደጃፉን በጨረፍታ አየ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ሌላ መላጊያ፣ ረዘም ያለች፣ የወይራ እጀታ ያወጣላትን አወረደ። «ይቻት» አለ። ድምፁ ቀጠነ።

ጉዲቱ ተቀበለቻት። አገላበጠቻት። አውራ ጣቷን ከጎኗ ላይ አሳረፈች፤ እንጨቱ ለስላሳና ሙሉ ነበር። ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ቤቱን ዞረና ደጃፉ ላይ፣ የአመዱ ዕቃና ሎሚው አጠገብ፣ ጨርቅ ላይ የተቀመጠችውን ትንሿን አገኘ። ባጫን በቋጠሮው እየጎተተች ሄዳ አነሳቻት። አውራ ጣቷ ጎድጓዳው ውስጥ ገባ፤ ለሷ ጣት ሰፊ ነበር። ዓይኗን ጨፈነች።

ባጫ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ከሁሉ መሣሪያ እውነተኛዋ አንዷ ብቻ መሆኗን፣ እሷንም ሊያስቀር መፈለጉን እንግዲህ አወቀች። አፉን ሊከፍት ሲል ሐጂ ረሻድ ቀደሙት። «ይህችንስ የአባቴ ናት ትያለሽ?»

ጉዲቱ ዓይኗን ገለጠች። በዙሪያዋ የተቆለሉትን ብረቶች አየች፤ እያንዳንዱ ስለቱ ያበራል፣ እጀታው አንድ ስንጥቅ የለውም። ከዚያ ባጫን አየችው።

«አይደለችም» አለች። «ይቺን አላውቃትም። የጋሽ ባጫ ናት።» በሁለት እጇ መልሳ ሰጠችው።

ሐጂ ረሻድ ቋጠሮውን ፈቱ፤ ማሩ ወዲያው መጥቶ ዳኛውም ከሳሹም ተከሳሹም ቀመሱት። መንገዳቸው ወደ ምዕራብ ስለነበር ብረቱ የነገውን አህያ ሳይጠብቅ በእሳቸው በቅሎ ተጫነ። ስትሸኝ ጉዲቱ የባጫን ጉልበት ሳመች፤ እሱም ደሜ እጀታዎቹን ኑግ ዘይት እንዳይነፍጋቸው አደራ አለ። አደራውን እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ እየተከተለ ደጋገመው። በቅሎዋ ከዓይን እስክትጠፋ ቆሞ የብረቱን ቅጭልጭልታ አዳመጠ፤ የአራዳው ቤት ቁልቁለቱን ተሻግሮ ሲሄድ የሚሰማው መሰለው።

ሲመለስ ግድግዳው ላይ ችካል ብቻ ቀርቷል። ዋጋነሽ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሽቅብ ታያለች። «ዛሬ እንኳ ያለ ስጋት ልተኛ ነው» አለች፤ ግን ድምጿ ውስጥ ደስታ አልነበረም።

ሽኩር አልሄደም። በሩ ላይ ቆሞ የባጫን እጅ ይመለከታል። «ያቺ ጠዋት ከኔ የወሰድካት ናት» አለ። «ጠዋት ስጠይቅህ ዝም አልከኝ። ሴትየዋም ስታያት እንዴት እንደሆነች አይቻለሁ። የማን ናት? እውነቱን ንገረኝ፣ ለማንም አልናገርም።»

ሽኩር ለማንም አልናገርም ካለ ነገሩ እስከ ማታ የሆለታን ጦር ሰፈር አልፎ አምቦ ይደርሳል። ባጫ ይሄን ያውቃል። ዕድሜ ልኩን ሲመኘው የኖረ ጆሮ ፊቱ ቆሟል፤ በእጁም በሕይወቱ ያገኘው ብቸኛ እውነተኛ ጉራ አለ። ምላሱ ተንቀሳቀሰ።

«ተራ ዕቃ ናት» አለ።

ከዚያ ለሽኩር መቀርቀሪያ የሚሆን የወይራ ቁራጭ ከጥግ አነሳ። ጉልበቱ ላይ አጋደመው። መላጊያዋን አጠገቡ አስቀመጠና፣ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ዋጋነሽን ጠርቶ እጁን ታስታጥበው ዘንድ ለመናት።